በሶብላውን ያደረቅሁት እኔ ነኝ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ጾም መሻሬን፣ ጎረቤት ማማቴን፣ ባሌን መርገሜን ሁሉ ዘርዝሬ እነግራቸውና እዚህች ላይ ስደርስ ዘልያት ይፍቱኝ እላለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ፈሪ ነኛ!

በሶብላውን ያደረቅሁት እኔ ነኝ። እኔ፣ በገዛ እጄ።

ጎጆ ከምትባል የደጋ ከተማ ወደ አምቦ፣ ያኔ ሀገረ ሕይወት ወደሚሏት ከተማ፣ ተድሬ ስመጣ ልጅ ነበርኩ። አማቴ እሜቴ ብርቄ ጓዳቸው ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ በላምባ ቆርቆሮ በሶብላና ጤና አዳም ያበቅሉ ነበር። ደጅ ቢተከል ዶሮ ይጭረዋል፣ ፍየል ይግጠዋል፤ ከሁሉ በላይ ግን የሰው ዓይን ይወጋዋል ይላሉ። ስለዚህ ጓዳ ባዕድ አይገባም። እኔ ደግሞ የውርጭ አገር ልጅ፣ በሶብላን በርበሬ ውስጥ ደርቆ እንጂ ለምልሞ አይቼው አላውቅም።

አንድ በጋ እህታቸው ታመውባቸው እሜቴ ወደ ጌዶ ሄዱና ወር ቆዩ። ቆርቆሮዎቹን አደራ አሉኝ። ወንዙ ሩቅ ነው፣ ፍልውሃው ቅርብ። ሰው ከየአገሩ መጥቶ የሚፈወስበት ውሃ ቅጠል ይገድላል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? እያቀዘቀዝኩ አጠጣሁት። በየቀኑ አጠጣሁት። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ጠምቶት ነው ብዬ ጨመርኩለት።

ከጓሮ ባለችው ክፍል ጫልቱ የምትባል ሸክላ ሠሪ ከትንሽ ልጇ ጋር ተከራይታ ትኖር ነበር። ልጅቷን ቁርጠት ይዟት ጤና አዳም ለመነችኝ፤ ጓዳ ያስገባኋት እኔው ነኝ። አፈሩን በጣቷ ነካ አደረገችና፣ ‹‹በፍልውሃ ነው እንዴ የምታጠጪው? ተዪ እንጂ! እኔ እንኳ ጭቃዬን አላቦካበትም። ገንቦው ሲደርቅ እንደ ጨው ነጭ ያወጣል፤ ይኸው አፈርሽም አውጥቷል›› አለችኝ። ተውኩ። ግን ረፍዶ ነበር።

እሜቴ ሲመለሱ ቆርቆሮው ውስጥ የቀረው ጭራሮ ነው። ‹‹ማን ገባ?›› አሉ። ምን አጠጣሽው አላሉም፤ ማን ገባ ነው ያሉት። ከተዳርኩ ሦስት ዓመት ሆኖኝ አልወለድኩም፤ ‹‹እጇ ደረቅ ነው›› ብለው ሲያሙኝ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወደ ጎጆ ልመለስ አንድ ሰበብ ነው የቀረኝ። ‹‹ጫልቱ ገብታለች›› አልኩ። ምነው በዚያ ባቆምኩ! ‹‹አይታ እንዴት ያምራል አለች›› ብዬ ጨመርኩበት። እግዜር ይባርከው ሳይሉ ማድነቅ፣ ያውም ከሸክላ ሠሪ አፍ፣ ለእሜቴ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር እንጂ! ሸክላ ሠሪ ሁሉ ቡዳ በሚባልበት አገር ነው ያደግሁት።

በነጋታው ጫልቱ ዕቃዋን ተሸክማ፣ ልጇን አስከትላ ወጣች። ከእሜቴ ጋር አልተከራከረችም። በሩ ላይ ስንተላለፍ ‹‹አቲ ቤክታ›› አለችኝ፤ አንቺ ታውቂያለሽ ማለቷ ነው። ወደ ባኮ ወረደች አሉ።

እሜቴ አዲስ ዘር ዘሩ። እኔ ከወንዝ እየቀዳሁ አጠጣሁና ለመለመ። ምነው በደረቀ! ‹‹አያችሁ፣ እሷ ስትወጣ!›› እያሉ ቅጠሉን ለጎረቤት ያድሉ ጀመር። ባደገ ቁጥር ጫልቱ ላይ መሰከረባት። የጓዳውን ቁልፍ ለእኔ ሰጡኝ፤ ከእኔ በቀር ማንም አይገባም ተባለ። ዓመት ከዓመት እዚያ መስኮት ሥር ከቆርቆሮዎቹ ጋር ተዘግቶብኝ ኖርኩ። ላድርቀው? ሌላ ሰው ይባረርበታል። ላሳድገው? የማሳድገው ውሸቴን ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔስ ነቀዘ።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ከባኮ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። የጫልቱን ልጅ ለአንድ ጎረምሳ ሊጠይቁ አስበው፣ የእናቷን ነገር ሊያጣሩ ነው። እሜቴ የሚሉትን አሉ። አንደኛው፣ ኦቦ ደበላ፣ ወደ እኔ ዞረው ‹‹አንቺስ ልጄ፣ በዓይንሽ ያየሽው ነገር አለ?›› አሉኝ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብል ያበቃ ነበር። ‹‹እሜቴ እንዳሉት ነው›› አልኩ። መርቀውን ሄዱ። ልጅቷ ሳታገባ መቅረቷን ኋላ ሰማሁ።

ለመጀመሪያው ውሸት ልጅ ነበርኩ፣ ፈራሁ ልበል። ለሁለተኛውስ? ያኔ ሦስት ልጆች ወልጃለሁ፣ እሜቴ አርጅተው የሚጎርሱት ከእኔ እጅ ነው። ማን የት ያባርረኛል? ውሸታም መባሉ አሳፈረኝ፣ በቃ። የሰው ልጅ ትዳር ያጣችው እኔ እንዳላፍር ነው።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ እናንተን አልበደልኩም። የበደልኳቸው ባኮ ናቸው። የባኮ አውቶቡስ በየቀኑ በደጄ ያልፋል። እስከ ዛሬ አልተሳፈርኩም።