ከጠባሳው ማዶ

የመጀመሪያ ልጄን ደብረ ማርቆስ በኦፕራሲዮን ወልጄ ስምንት ዓመት ሞላኝ። ሁለተኛው አልመጣ ሲለን ከባለቤቴ ጋር አዲስ አበባ ለሕክምና ሄድን። ሐኪሟ፣ «የድሮው ስፌት ማህፀንሽ ውስጥ ጎድጎድ ያለ ጠባሳ ትቷል። ፈሳሽ ስለሚቋጥር ፅንስ እንዳይይዝ ሊያደርግ ይችላል፤ ጠባሳው ላይ ከያዘም አደገኛ ነው» አለችኝ። ከእኔ እንቁላልና ከባለቤቴ ዘር በላብራቶሪ ያገኘነው ፅንስ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር።

ፅንሱ በሚገባበት ቀን፣ ማህፀኔ በአልትራሳውንድ ጥርት ብሎ እንዲታይ ውኃ ጠጥተሽ ነይ አሉኝ። እኔ ሞኟ ሁለት ሊትር ጥርግ አድርጌ ሄድኩላችሁ! ከተኛሁ በኋላ ፅንሱን የያዘችው ቀጭን ቱቦ ጠባሳው ጋ ስትደርስ አላልፍ አለች።

«ምንም እንዳትነቃነቂ» አለች ሐኪሟ።

«ዶክተር፣ ሽንቴ ሊያመልጠኝ ነው!»

ነርሷ ፊቷን አዙራ ሳቀች። ሐኪሟ ግን ቱቦዋን መለስ፣ ጎንበስ አድርጋ አሳለፈቻት። ስክሪኑ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል ነጭ ነጥብ ብልጭ ብላ ስትቀመጥ አየሁ። ሽንቴን ረሳሁት። እጄን ማንቀሳቀስ ስለፈራሁ በልቤ አማተብኩ።

ስንመለስ የዓባይ በረሃን ጠመዝማዛ መንገድ ደጀን እስክንወጣ ድረስ ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ አለፍኩት።

ከሳምንታት በኋላ ደብረ ማርቆስ አልትራሳውንድ ተነሣሁ። የሚያየኝ ሐኪም መሣሪያውን አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ አመላለሰ።

«ጠባሳው ላይ ነው የያዘው?» አልኩት።

«አይደለም፤ ከጠባሳው ርቋል። ስንት ፅንስ ነው ያስገቡልሽ?»

«አንድ።»

«እንግዲያው አንዱ ለሁለት ተከፍሏል» ብሎ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ሁለት ልብ ይመታል።