ምስሩን ለብቻው

ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ካፌ የተረፈው ወጥ ሁሉ አንድ በርሜል ውስጥ ሲገለበጥ ሽታው ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

ያኔ ዲላ፣ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ተፈናቃዮች ተጠልለው ነበር። ከቤተ ክርስቲያናችን ሠርግ የተረፈውን ምግብ ከአክስቴ ጋር ወሰድንላቸው። ሁለት ባልዲ መሸከም ሰልችቶኝ ምስሩንና የሥጋ ወጡን አንድ ባልዲ ውስጥ ቀላቅያቸው ነበር።

ልጇን ያዘለች ሙስሊም እናት ሳህኗን ዘርግታ፣ «እትዬ፣ የክርስቲያን ሥጋ ነክቶታል?» አለች።

«ነክቶታል፣ እህቴ» አለች አክስቴ።

ሴትየዋ ባዶ ሳህኗን ይዛ ተመለሰች፤ ልጁ ወደ ባልዲው እየጠቆመ አለቀሰ።

«ስለራባት የሰጠናትን ሁሉ ትበላለች ብለሽ ነው?» አለችኝ አክስቴ። «እሷም እንደኛ አምላኳን ትፈራለች እኮ!»

በማግስቱ ምስር ብቻ ይዤ ሮጥኩ። የተጠለሉበት ክፍል ተጠርጓል፤ ሁሉንም ወደ ሌላ ቦታ ወስደዋቸዋል። ያ ልጅ ያን ቀን ምን እንደበላ እስከ ዛሬ አላውቅም።