ወንድሜ ካፒቴን አልነበረም

ወንድሜ ያረጋል የጀልባ ካፒቴን ሆኖ አያውቅም። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ዛሬም እንዲያ ብሎ የሚያምን ሰው ካለ፣ ያሳመንኩት እኔ ነኝ።

ከመተማ ቆላ ተነስቶ ወደዚህ ሲመጣ ገና ጢም አላበቀለም ነበር። እኔ ቀድሜ መጥቼ ገበያው ዳር ለቀን ሠራተኞች ምሳ እሸጥ ስለነበር ተከትሎኝ መጣ። መጀመሪያ ሰሊጥ አረመ፣ አጨደ። ኋላ ፋሽጋ ውስጥ አንድ ባለእርሻ ዘንድ የትራክተር ጥገና በዓይኑ ለመደ። እጁ ዘይት ሳይሸት የበላበትን ቀን አላስታውስም። ከሰው አይጣላም፣ አይዋሽም። ሚስት አግባ ስለው "አንቺ ትበቂኛለሽ፣ እታለም፤ ሁለት ተቆጪ አልችልም" ይለኝ ነበር።

ሰሊጡ ተወቅቶ በጭነት መኪና ወደ ፖርት ሱዳን ሲወርድ፣ መኪናው መንገድ ላይ እንዳይቆም መካኒክ አብሮ ይሄዳል። የካርቱሙ ጦርነት ከመነሳቱ በፊት በነበረው ዓመት እሱ ሄደ። ባሕር ያየው ያን ጊዜ ነው። ሲመለስ ምሳውን አቅርቤለት እጁን እንኳ አልሰደደም።

"እታለም፣ ጀልባ አየሁ። ሞተሩን አጥፍቶ በሸራ ብቻ የሚሄድ።"

"ታዲያ?"

"የካቲት ላይ ውድድር አላቸው። ደሴቶቹን ዞረው በአምስተኛው ቀን ይመለሳሉ። የአንዱን ፈረንጅ ጀልባ ሞተር ጠገንኩለትና፣ ባለቤቱ ና አብረኸን ሂድ አለኝ።"

"ስንት ይከፍሉሃል?"

ሳቀ። "የምከፍለውስ እኔ ነኝ።"

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ በእነዚያ ጀልባዎች ላይ የሚሠራው ሁሉ ደመወዝተኛ አይደለም። ከኪሱ ከፍሎ ገመድ የሚጎትት፣ ድስት የሚያጥብ፣ በተራው ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው አለ። ባለቤቱ ለያረጋል በመካኒክነት ደመወዝ ሊቆርጥለት ነበር። እምቢ ያለው እሱ ራሱ ነው።

"ደመወዝ ከተቀበልኩ ከሞተሩ ጋር ታች ይከቱኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ሞተር ሥር ተኝቻለሁ፣ እታለም። ለከፈለ ሰው ግን ገመዱን ያስይዙታል። ሸራው በእጄ ላይ ሲሞላ ማየት እፈልጋለሁ።"

ራክሻ ነበረችው፤ አገር ቤት ባጃጅ የሚሏት፣ ጥገና ሲጠፋ ሰው የሚያመላልስባት። እሷን ሸጦ ሄደ።

እኔ ቤት የሚበላው ሰው ጉልበቱን ሊሸጥ ድንበር የተሻገረ ነው። ማለዳ ገበያው ዳር ተኮልኩሎ ቀጣሪ እስኪመርጠው ይጠብቃል፤ ያልተመረጠ ዕለት አንገቱን ደፍቶ ይገባል። በዚህ ሰው መካከል የእኔ የኮከብ ወንድም ለመሥራት ገንዘብ ከፈለ ሲባል እንዴት እንደሚሰማ አስቡት።

ወሬው እኔን ቀድሞ የማርያም ማኅበራችን ደረሰ። ሐመልማል የምትባል ጎረቤት አለችኝ፣ ልብስ ሰፊ፤ ምላሷም እንደ መርፌዋ ነው። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣

"እትዬ ኮከብ፣ ወንድምሽ ከፍሎ ነው አሉ የሚሠራው። ምነው እኔ ዘንድ ቢመጣ፤ ጥቂት ተቀብዬ ግቢውን አስጠርገው ነበር" አለችኝ።

ሴቶቹ ሳቁ። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያችን ጋሽ ታምሬ እንኳ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

"ማን ነው እንዲያ ያለሽ?" አልኳት። "ካፒቴን አድርገው ቀጥረውት ነው። ሞተር አዋቂ ስለሆነ ጀልባውን በእጁ ሰጡት።"

እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ሳቁ ግን ቆመ፤ ሲቆም ደስ አለኝ። ከውሸቱ ይልቅ ዛሬ ድረስ የሚያሳፍረኝ ያ ደስታ ነው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጨመርኩበት። ነጭ ልብስ አለበስኩት፤ በሥሩም አሥር ሰው አደረግኩለት።

ጋሽ ታምሬ "የአገራችን ልጅ እዚህ ከደረሰማ ተቀብለን እንመርቀዋለን" አሉ። ቀኑ ሲቀርብ ስልክ ብደውል ባሕር ላይ ነው፣ አይነሳም። መናኸሪያ ወጥቼ ሁሉን ልነግረው አስቤ ሄድኩ፤ እነ ሐመልማል ቀድመውኝ ኖሯል። ከአውቶቡስ እንደወረደ አቅፈው ቤቴ አመጡት። አንድ ቃል እንኳ ሳላናግረው እንግዶቹ መሀል ተቀመጠ።

ፊቱ ተልጧል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ መዳፉን ገመድ በልቶታል። ዓይኑ ግን እንዲያ ሲያበራ አይቼው አላውቅም። የሰጠሁትን ካርካዴ ሳይቀምስ፣

"እታለም፣ ምን ልንገርሽ" ብሎ ጀመረ።

"ቆይ ልጄ፣ እኛ እንጠይቅህ" አሉት ጋሽ ታምሬ። "ካፒቴን ሆነህ አሥር ሰው ታዝ ነበር አሉ። እውነት ነው?"

ያረጋል ብርጭቆውን አስቀመጠ። እሳቸውን አየ፣ ሐመልማልን አየ፣ ከዚያ እኔን። እኔ ፉሉን እንደሚያቀርብ ሰው ትሪው ላይ አቀረቀርኩ። የዋሸሁት እኔ ነኝ ለማለት ጊዜ ነበረኝ፤ ብዙ ጊዜ።

"እውነት ነው" አለ።

የጠየቁትን ሁሉ እየተቀበለ መለሰላቸው። አዎ፣ ልብሱ ነጭ ነበር። አዎ፣ ፈረንጆቹ ይታዘዙት ነበር። ውሸት አያውቅበትምና ላብ በላብ ሆነ። መርቀውት ሄዱ።

ይጮኽብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ተነስቶ ሳህኖቹን ሰብስቦ ማጠብ ጀመረ።

"ተው፣ እኔ አጥባለሁ" አልኩት።

"ለምጄዋለሁ" አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ምሳ ሊበላ ይመጣል እንጂ ባሕር የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ገበያ ውስጥ "ካፒቴን" ብለው ሲጠሩት መንገድ ይቀይር ጀመር። ያን ያህል ከፍሎ ያየውን ነገር የሚያወራበት ሰው አሳጣሁት። ጦርነቱ ሲመጣ በገላባት አድርጎ ወደ መተማ ተሻገረ፤ እኔ እዚሁ ቀረሁ። ስንደዋወል ስለ ጉልበቴ ሕመም እናወራለን።

ባለፈው ኅዳር ማርያም፣ ጸበሉ ከተቀመሰ በኋላ፣ ማኅበሩ ፊት ቆሜ ውሸቴን እንዳለ ነገርኳቸው። ማንም አልሳቀም። ስንወጣ ሐመልማል ክንዴን ያዘችኝ።

"እኔማ ያኔውኑ አውቄ ነበር" አለችኝ። "መዳፉን አይቼ። አዛዥ መዳፉ አይላጥም።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"እሱ ዝም ብሎልሽ እኔ ምን ልበል።"

ቤት ገብቼ ደወልኩለት። የተናዘዝኩትን አልነገርኩትም።

"ያረጋል፣ እስቲ ስለ ባሕሩ ንገረኝ" አልኩት።

"የትኛውን፣ እታለም? ያንቺን ነው የኔን?"

"ያንተን።"

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ስሙን ጠራሁ።

"መጀመሪያ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ሁለት ቀን ሙሉ አስመለሰኝ።"