እንግዳ ሆኜ የመረጥኩት ቸርኬ

ዛሬ ሽንሌ ውስጥ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ የኮርሳ ብስክሌቴን የኋላ ጎማ እሾህ በሳው። እዚህ አገር እሾህ የማይደርስበት ቦታ የለም። ጎማ የሚለጥፈው ሰውዬ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ቸርኬውን ሲያሽከረክር ቆየና፣ "መምህር፣ ይሄ እኔንም አንተንም ይቀብራል" አለኝ። ጥንካሬውን ማድነቁ ነበር። እኔ ግን ቸርኬውን ከእጁ ተቀበልኩት።

አባቴ ወታደር ስለነበር ወጣትነቴን ያሳለፍኩት ጅግጅጋ ነው። ሃያ ዓመት ሲሞላኝ በከተማዋ አምስት ዓመት ኖሬ ነበር፤ ከጎረቤታችን ልጅ ከጉሌድ ጋርም አንለያይም። ሁለታችንም አሮጌ ኮርሳ ነበረን። ድሬዳዋ ላይ ለሚደረግ የብስክሌት ውድድር ማጣሪያ እንዘጋጅ ነበር፤ ከእኛ ከተማ የሚላከው ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር። ማለዳ ነፋሱ አቧራውን ሳያነሳ ተነስተን ካራማራን እንወጣለን፤ በእረፍት ቀን እስከ ባቢሌ ወርደን ኪሳችንን ለውዝ ሞልተን እንመለሳለን። ዳገት ላይ ጉሌድ ሁልጊዜ ይጥለኝ ነበር። አናቱ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝና አንዲት ቃል አይተነፍስም። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያ መንገድ ቸርኬዎቻችን ተጣመው አለቁ። ብስክሌት ሠሪው ዩሱፍ፣ አጎት እንደማለት ሁላችንም "አዴር" የምንለው ሽማግሌ፣ ከቶጎ ውጫሌ ሁለት ጥንድ ያገለገሉ ቸርኬዎች አስመጣልን። አንደኛው ጥንድ ወፍራም፣ ከባድ፣ ሽቦው የበዛ ነው። ሌላኛው ቀጭን፣ ጥቁር፣ ሲያዩት የሚያስጎመጅ።

"ቀጭኑ ለውድድር ቀን ነው" አለን አዴር፣ በግመል ወተት የፈላ ሻሂውን እያማሰለ። "የየቀኑ ቸርኬ እንደ አህያ ነው። ማንም አያደንቀውም፤ ግን ያደርስሃል።"

የጉሌድ ዓይን ከባዱ ላይ እንደቀረ አይቻለሁ። ሆኖም ወደ እኔ ዞሮ፣ "ወላሎ፣ አንተ እንግዳ ነህ፤ ቅደም" አለኝ። እነሱ ዘንድ እንግዳ ሳይመርጥ የቤቱ ልጅ አይመርጥም። ሌላ ጊዜ ወላሎ፣ ማለትም ወንድሜ፣ ብሎ ጀምሮ እንግዳ ሲለኝ ይከፋኝ ነበር። ያን ቀን አልከፋኝም።

ሁለቱንም በእጄ ዳሰስኳቸው። የቀጭኑ የፊት ቸርኬ ላይ፣ አንዱ ሽቦ ከሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ፣ ጥፍሬን አንድ ነገር ያዘው። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ነበረች። የአዴር ዓይን ደክሟል፤ አላያትም። ብናገር ከባዱን በየተራ እንለማመድበት ነበር። በየተራ ከሆነ ደግሞ ጉሌድ እንደሚበልጠኝ አውቃለሁ።

"እኔ ይሄኛው ይሁንልኝ" ብዬ ከባዱን አነሳሁ።

ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉ ሰዎች የእኔን አላዩም። ቢበዛ ቸርኬው ይጣመምበታል፣ ጥቂት ቀን ልምምድ ይቀርበታል ብዬ እንጂ ይወድቃል ብዬ አላሰብኩም። ይህንን ለራሴ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ አያምነኝም።

በሦስተኛው ሳምንት የካራማራን ቁልቁለት ስንወርድ ጉሌድ ከፊቴ ነበር። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያው ብስክሌቱ ወደ አንድ በኩል፣ እሱ ወደ ሌላ በኩል። የተሰበረው የዳሌው አጥንት ነበር። ሐኪም ቤት እናቱ ለሆህ፣ የእነሱን ስስ እንጀራ፣ በማር ይዘው መጡና ልጃቸው ሳይቀምስ መጀመሪያ ለእኔ ዘረጉልኝ። እንግዳ ነኝ አይደል። ተቀብዬ በላሁ።

ድሬዳዋ ብቻዬን ሄድኩ፤ ከኋላ ሦስተኛ ሆኜ ተመለስኩ።

ጉሌድ አሁን ጅግጅጋ የጨርቅ ሱቅ አለው። እስከ ዛሬ ያነክሳል። በዒድ እኔ እደውላለሁ፣ በፋሲካ እሱ ይደውላል፤ ጨዋታችን መሃል አንድ ጥያቄ አይቀርም።

"ያ ቸርኬ አለ?"

"አለ።"

"ጥሩ መርጠህ ነበር" ይለኛል። ቂም የለበትም፤ ከልቡ ነው። እኔም ወሬ እቀይራለሁ።

አሁን ጎማውን መልሼ ስገጥም ቸርኬውን ዙሪያውን በጥፍሬ ዳሰስኩት። ይሄ ቸርኬ የተሰበረ ዕለት ለጉሌድ ደውዬ ስለ ስንጥቋ እነግረዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ከገባሁ ዓመታት አልፈዋል። አንድም ስንጥቅ የለውም።