የኦቦ ቶላ ድርቆሽ

ባለፈው ሰኞ ስልኬ ላይ አጭር መልእክት ገባ። የትንበያ ሥርዓቱ እየተሻሻለ ስለሆነ የአየር ሁኔታ ማስጠንቀቂያ አገልግሎቱ ለጊዜው ይቋረጣል ይላል። ቢሮ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች አንብበው አጠፉት። የእኔ ሐሳብ ግን ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሄዶ ቁጭ አለ።

ያኔ ገና ከኮሌጅ የወጣሁ፣ አፌ የማያርፍ የግብርና ባለሙያ ነበርኩ። ጊዜው የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ተቃውሞ የተቀጣጠለበት ኅዳር ነው። የጎጃም መንገድ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ በድንጋይ ይዘጋል። ሚኒባስ ሲጠፋ በእግሬ፣ የጠዋቱ ውርጭ ጫማዬ ሥር እየተንኮሻኮሸ ገበሬዎቼ ዘንድ እሄድ ነበር። በዚያ ወቅት ሱሉልታን ያላየ ሰው የታጨደ ሣር ሽታ ምን እንደሆነ አያውቅም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የስልክ ማስጠንቀቂያው ገና አዲስ ነገር ነበር። የሚመጣው ዝናብ ወይም በረዶ ሲያሰጋ ብቻ ነው፤ ካልመጣ ሰማዩ ሰላም ነው። ገበሬው ይህን ስለለመደ፣ አገልግሎቱ ለማሻሻያ ሲቋረጥ ዝምታውን እንደ መልካም ዜና ቆጠረው። መቋረጡን የሚናገር መልእክት ደርሶ ነበር፤ ግን በዚያ ሳምንት ሰው ሁሉ ስልኩን የሚያየው የልጆቹን ወሬ ፍለጋ ነው፤ ማን ያንብበው? እኔ ስነግራቸው አንዱ ጎረቤት፣ “ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ አሁን ደግሞ ዝናቡ ተዘጋ?” ብሎ አሳቀን። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ድርቆሽ ግን በዝምታም ይበሰብሳል።

ከገበሬዎቼ አንዱ፣ ሽማግሌው ኦቦ ቶላ ግን አልሳቁም። ድርቆሻቸው ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ሜዳው ላይ እንደተዘረጋ ነበር። የላሞቻቸው የበጋ ቀለብ እንዳለ እሱ ነው። በእንጦጦ በኩል ደግሞ ደመናው እየጠቆረ ነው።

“አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ቶላ? ለምን አይከምሩም?” አልኳቸው።

“ነጋያ፣ ኢንተላ ኮ። ደህና ነኝ፣ ልጄ። ስልኩ ዝም ብሏል እኮ።”

“ዝም ያለው ማሽኑ ነው። ይዝነብ አይዝነብ እኔም አላውቅም። ካላወቅን ደግሞ መከመር ይሻላል።”

“ሌሊሳ ይምጣ።”

ሌሊሳ አንድ ልጃቸው ነው። በየዓመቱ ክምሩ ላይ ወጥቶ የሚረግጠውና ጫፉን የሚያሾለው እሱ ነበር። ያን ሰሞን ከተማ ሰልፍ ላይ ተይዞ የት እንዳለ አይታወቅም። ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ሽማግሌው የስልኩን ዝምታ የሙጥኝ ያሉት ስላመኑት አልነበረም። ያለ ልጃቸው ከከመሩ፣ አይመለስም ብለው የፈረዱበት መስሏቸው ነው። ማዘን ግን ድርቆሽ አያነሳም።

“ኦቦ፣ ሲመጣ ላሞቹን ምን ያብላ?” አልኳቸው።

መንሻቸውን አነሱና፣ “ክምሩ ላይ ማን ይወጣል ታዲያ?” አሉ።

“እኔ ነኛ።”

ሴት ክምር ላይ ስትወጣ ያዩ ጎረቤቶች መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ መንሻቸውን ይዘው መጡ። የኦቦ ቶላ ባለቤት አዴ ጫልቱ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ አጎረሱን። ክምሩ ሲያልቅ ወደ አንድ ጎኑ ያዘመመ ነገር ሆነ፤ እስከ ዛሬ እኮራበታለሁ። አመሻሹ ላይ ዝናቡ ወረደ፤ ሜዳው ላይ ከቀረው ጥራጊ በቀር አንድ እስር አላበሰበሰም።

ሌሊሳ ጥር ላይ ተፈታ። ከስቶ፣ ጸጉሩን ተላጭቶ መጣ። አባቱ መንሹን ሰጡት። እሱም ከዚያ ጠማማ ክምር እየሳበ ላሞቹን አበላ። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ አለቀስኩ።

ባለፈው ሰኞ መልእክቱን ያጠፉትን የቢሮ ልጆች ጠርቼ ለየቀበሌው አስደወልኳቸው። “ዝም ካልን አናውቅም ማለት ነው እንጂ ደህና ነው ማለት አይደለም በሏቸው” አልኩ። ስለ ኦቦ ቶላ አልነገርኳቸውም። መጠበቅ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ከእሳቸው ጋር ያየሁት ሌላ ነው። ልጁን የሚጠብቅ ሰው፣ ልጁ ሲመጣ የሚያገኘውን ያዘጋጃል።