በውሃ የተነከረው መብሻ

«አባትሽ ደግ ሰው ነበር፤ ብረት መለየት ግን አያውቅም ነበር።»

ጋሼ ጣሰው ይህን ያሉኝ ፊት ለፊት ነው፤ መካኒሳ፣ ደጃችን ላይ በተተከለው የአባቴ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ንፍሮ እየዘገኑ። አጠገባቸው ካርታ የሚጫወቱት ሽማግሌዎችም ልክ ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ልጅ እያለሁ ከትምህርት ቤት ስወጣ ቀጥታ አባቴና ጋሼ ጣሰው ወደሚሠሩበት የብረት ሠራተኞች ማኅበር ወርክሾፕ ነበር የምሄደው። የበር ማጠፊያ ይሠሩ ነበር። የማጠፊያውን ቀዳዳ ለሚበሳው መብሻ ብረት የሚመርጠው አባቴ ነው፤ ጋሼ ጣሰው የእሳቱ ኃላፊ ናቸው። አባቴ ከጭነት መኪና የተፈታውን ቁርጥራጭ ሁሉ መሳያው ድንጋይ ላይ እያስነካ ፍንጣሪውን ያሳየኛል። ፍንጣሪው ቀጥ ብሎ ከረዘመ «ይኼ ለአጥር ነው» ብሎ ይወረውረዋል። ጫፉ ላይ እንደ አደይ አበባ ብትን ካለ ግን «ይኼ ለመብሻ ይሆናል» ብሎ ፈገግ ይላል። የጋለ ብረት እንዲጠነክር የሚነከርበት የተቃጠለ ዘይት ሽታ ዛሬም ጋራዥ አጠገብ ሳልፍ ያቆመኛል። «የቀጥቃጭ ልጅ» የሚለኝን ልጅ ሁሉ በቦርሳዬ አናቱን እለው ነበር።

አንድ ቀን ከጭነት መኪና ባሌስትራ የተሠራ መብሻ እሳት ገባ። አባቴ ሳምንት ሙሉ በሞረድ የለፋበት ነው። «ይኼ የሚነከረው በዘይት ነው፤ ውሃ ከነካው ይሰነጠቃል» ብሎ ለጋሼ ጣሰው ነገራቸውና ቀበሌ ስብሰባ ሄደ። የዘይቱን መጋዘን ቁልፍ የያዘው ሰውዬም እዚያው ስብሰባ ላይ ነበር። ብረቱ እንደ በሰለ ቲማቲም ቀላ። ጋሼ ጣሰው ደግሞ ቁልፍ የሚጠብቁ ሰው አይደሉም።

«አንቺ! ምን ይገትርሻል? ውሃ አምጪ!»

ባልዲውን ከቧንቧው ሞልቼ እየተንገዳገድኩ አመጣሁ። ሲነክሩት ብረቱ ጮኸ፤ ከጩኸቱ መሀል «ቀጭ» የሚል ነገር ሰማሁ። እሳቸውም ሰምተዋል። አዩኝና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

በማግስቱ መብሻው በመጀመሪያው ምት ለሁለት ተከፈለ። ስብሰባ ተጠራ። «አሻጥር» የምትባለዋን ቃል የእኔ ዘመን ልጅ ሁሉ ያውቃታል፤ ሰው ከቤቱ ወስዳ የማትመልስ ቃል ናት። ጋሼ ጣሰው ተነሥተው «አሻጥር እንኳ አይደለም ጓዶች፤ ብረቱ የአጥር ብረት ነው። ሰውዬው አይለይም፣ በቃ» አሉ። ከሞት ያዳኑት ይመስል ተጨበጨበላቸው። አባቴን ከመሳያ ድንጋዩ አንሥተው በር ጠባቂ አደረጉት።

ምሳ ላደርስለት ስሄድ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ «አንቺ እዚያ ነበርሽ፤ በምን ነከሩት?» አለኝ።

«አላየሁም» አልኩት።

ሁለተኛ አልጠየቀኝም፤ እስኪሞት ድረስ።

ዛሬ ማኅበሩ ፈርሷል፣ ወርክሾፑ ጎማ መጠገኛ ሆኗል። ማጠፊያ ከጎፋ ሱቅ ይገዛል፤ ብረቱ ከምን እንደተሠራ የሚጠይቅ የለም። ጋሼ ጣሰው ብቻ ያው ናቸው።

«ብረት አይለይም ነበር ስል ዋሸሁ እንዴ?» አሉኝ፣ ንፍሯቸውን እያላመጡ።

«መብሻውን በውሃ ነው የነከሩት» አልኩ፤ ካርታ የያዙት ሁሉ ቀና እስኪሉ ጮክ ብዬ።

«ልጅ ነበርሽ፣ አንቺ ምኑን ታውቂዋለሽ?»

«ባልዲውን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

ነጠላዬን ሰብሰብ አድርጌ ከድንኳኑ ወጣሁ።