ያልተመዘገበው መደርደሪያ

በምንሠራበት የቧንቧ ዕቃ መደብር ዕቃ ቤቱን ሃያ ሁለት ዓመት የያዘው ጋሽ ቁልፉ ነው። ስሙን ያወጣንለት እኛ ሻጮቹ ነን። «ጋሼ፣ ባለ ግማሽ ኢንች ጎሚቶ አለ?» ብለን የቧንቧ ማጠፊያ ስንጠይቀው ዓይኑን ጨፈን አድርጎ፣ «ሦስተኛው መደርደሪያ፣ በግራ በኩል፣ አሥራ አራት ፍሬ» ይለናል። ተሳስቶ አያውቅም።

ዘንድሮ ኮምፒውተር ገባ። የባለቤቱ ልጅ ጋሽ ቁልፉን አጠገቧ አስቀምጣ ሳምንቱን ሙሉ ስታስለፈልፈው ሰነበተች፤ እሱ ይናገራል፣ እሷ ትመዘግባለች። ፊቱ በየቀኑ ይገረጣል።

«የማውቀውን ሁሉ ነግሬ ስጨርስ ምን ሊያደርጉኝ ነው?» አለኝ አንድ ቀን።

«አይዞህ» አልኩት። እኔንስ ማን አይዞሽ ይበለኝ? ያው ኮምፒውተር በሰዓት ስንት ሰው እንዳስተናገድኩ ይቆጥራል። ባለፈው ወር ቁጥሯ ከሁላችን ያነሰባት ሻጭ «ለጊዜው እረፊ» ተብላ እንደወጣች ቀርታለች። ሥራው መፍጠኑን አልክድም፤ ድሮ ቀኑን ሙሉ የምንለፋበትን አሁን እስከ ምሳ ሰዓት እንጨርሰዋለን። ጠዋት ጠዋት ግን ዛሬ ተራው የእኔ ይሆን እያልኩ ነው የምገባው።

ጋሽ ቁልፉ አንድ ነገር ደብቆ ኖሯል። የላይኛውን መደርደሪያ፣ የአሮጌ ፓምፕ ጎማዎቹን፣ አላስመዘገበም።

«ሲያጡት እኔን መፈለጋቸው አይቀርም» አለኝ በሹክሹክታ። «ሰው ከጠየቀሽ ጥሪኝ። እሺ ልጄ?»

«እሺ ጋሼ።»

ሰኞ ጠዋት ሰልፉ በር ድረስ ደርሶ ሳለ አንድ ቧንቧ ሠራተኛ የዚያኑ ፓምፕ ጎማ ጠየቀኝ። ስክሪኑ የለም ይላል። እንዳለ አውቃለሁ። ጋሼ ተጠርቶ፣ መሰላል ወጥቶ እስኪወርድ ግን ስንት ሰው ያመልጠኛል? የባለቤቱ ልጅ ከኋላዬ ቆማ ቁጥሬን ታያለች። ፈራሁ።

«የለም» አልኩት።

ሰውዬው ወጣ። ቀጣዩን አስተናግጄ ዞር ስል ጋሽ ቁልፉ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ጥያቄውን ሰምቶ ሳልጠራው አውርዶት ኖሮ፣ ጎማውን እንደያዘ ቁና ቁና ይተነፍሳል።

«ጋሼ፣ ምን ፈለግክ?» አለችው ልጅቷ።

«ምንም» አላት። ጎማውን ኪሱ ከተተና ወደ እኔ ጠጋ አለ። «ልጄ፣ አልሰማሽውም እንዴ?»

ዓይኑን ማየት አልቻልኩም።

«ተረኛ!» ብዬ ተጣራሁ።